ቅድስት ያድዊጋ ዘፖላንድ፤ የዙፋን ክርክር ያሳደጋት ንግሥት

በዚህ እትማችን ሕይወቷን ልናወሳ የመረጥናት ቅድስት በ10 ዓመቷ ዘውድ የጫነች፣ በ12 ዓመቷ ትዳር የያዘች፣ በ25 ዓመቷም ከዚህ ዓለም የተለየች የፖላንድ ንግሥት ናት። ስሟ ያድዊጋ ነው፤ ጀርመኖች ሄድዊግ ይሏታል። በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ቅድስት ስላለች መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ሁለቱን እንዳያደባልቁ ከወዲሁ እናሳስባለን። የሲሌዥያዋ ቅድስት ሄድዊግ የአንድ መስፍን ሚስት የነበረችና በ1243 ዓ.ም. ያረፈች ናት፤ የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን ከእርሷ ዕረፍት 130 ዓመት ያህል በኋላ የተወለደች፣ ስሟንም ከእርሷ የወሰደች ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የቅዱሳንን ሕይወት ስናነብ ዙፋናቸውን ትተው ወደ ገዳም ስለገቡ ነገሥታት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የያድዊጋ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። እርሷ ዙፋኑን አልፈለገችውም፣ አልተወችውምም፤ ሰዎች ተከራክረውበት፣ ተዋግተውበትና ተዋውለውበት ሲያበቁ ገና ከልጅነት ጨዋታ ሳትወጣ አስቀመጧት እንጂ። ስለዚህ ቅድስናዋን ለመረዳት አስቀድሞ ክርክሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ስም ብዛት አንባቢ እንዳይሰለች እንለምናለን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1370 ዓ.ም. ነው። ታላቁ ካዚሚር የተባለው የፖላንድ ንጉሥ በዚያ ዓመት ሕጋዊ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ሴቶች ልጆችና ከሴት ልጁ የተወለደ የልጅ ልጅ ነበሩት፤ ነገር ግን ቀደም ሲል በተደረገ ስምምነት ዘውዱ ለእህቱ ልጅ፣ ለሃንጋሪው ንጉሥ ለሉዊስ ተላለፈ። ሉዊስ በሃንጋሪ ታላቅ የሚል ቅጽል የተሰጠው ንጉሥ ቢሆንም በፖላንድ ብዙም አልተወደደም፤ መኖሪያው ሃንጋሪ ስለነበረ ፖላንድን በአብዛኛው በእናቱ በኩል ያስተዳድር ነበርና። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ግን እርሱም እንደ አጎቱ ወንድ ልጅ የሌለው መሆኑ ነው። ከባለቤቱ ከቦስኒያዊቱ ኤልሳቤጥ ወልዶ የቀሩለት ልጆች ካትሪን፣ ማርያምና ያድዊጋ የተባሉ ሦስት ሴቶች ነበሩ።

በፖላንድ ልማድ ሴት ልጅ ዙፋን አትወርስም ነበር። ሉዊስ ይህን ልማድ ለማስለወጥ በ1374 ዓ.ም. ከፖላንድ መኳንንት ጋር ኮሺትሴ በተባለች ከተማ ገበያ የሚመስል ውል ተዋዋለ። መኳንንቱ ከሴቶች ልጆቹ አንዲቱን ሊያነግሡለት፣ እርሱም በምላሹ ከመሬታቸው የሚሰበሰበውን ቋሚ ግብር በአንድ ላን መሬት 2 ግሮሽ ብቻ ሊያደርግላቸው ተስማሙ። ላን ማለት በእኛ ሀገር ጋሻ መሬት ይባል እንደነበረው ያለ የመሬት መለኪያ ነው። ያድዊጋ በዚያ ጊዜ ዓመት ያልሞላት ሕፃን ነበረች። የመንበሯ ዋጋ የተቆረጠው እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ነው። መኳንንቱም ዘውድ በመብትና በጥቅም የሚለወጥ ነገር መሆኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዘነጉትም።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ ሕፃናት በየቤተ መንግሥቱ ታጩ። ካትሪን ለፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ፣ ማርያም ለሉክሰምበርጉ ወገን ለሲጊስሙንድ፣ ያድዊጋም ለኦስትርያው መስፍን ልጅ ለዊልሄልም። የያድዊጋና የዊልሄልም መተጫጨት ጁን 15 ቀን 1378 ዓ.ም. ሃይንቡርግ በተባለች የኦስትርያ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ በታላቅ ድምቀት ተፈጸመ። ያድዊጋ የ4 ዓመት፣ ዊልሄልም የ8 ዓመት ገደማ ልጆች ነበሩ። በውሉ መሠረት ልጅቱ 12 ዓመት ሲሞላት መተጫጨቱ ወደ ሙሉ ጋብቻ ይለወጣል፤ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለሌላው 200,000 ፍሎሪን ይከፍላል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሕፃኒቱም የወደፊት ሀገሯን ትለምድ ዘንድ ለጥቂት ጊዜ በኦስትርያ ቤተ መንግሥት እንድታድግ ተደረገ።

ካትሪን በዚያው ዓመት ሞተች። ሉዊስም ዕቅዱን አስተካክሎ ማርያም ፖላንድን፣ ያድዊጋ ሃንጋሪን እንዲወርሱ ወሰነ፤ የፖላንድ መኳንንትም ለማርያም ማሉ። በሴፕቴምበር 1382 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞት ግን ሃንጋሪያውያን ቀን ሳያባክኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማርያምን በራሳቸው ላይ አነገሡ። ለሃንጋሪ ታስባ የነበረችው ያድዊጋ ያለ ዙፋን፣ ለማርያም የማለችው ፖላንድም ያለ ንጉሥ ቀሩ።

ቀጥለው የመጡት ሁለት ዓመታት ለፖላንድ የመከራ ዓመታት ነበሩ። መኳንንቱ አጥብቀው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የሚነግሥባቸው ሰው በመካከላቸው እንዲኖር ነው። በሌላ ሀገር ተቀምጦ በእንደራሴ መግዛት አንገሽግሿቸው ስለነበረ ማርያምንና እጮኛዋን ሲጊስሙንድን አንቀበልም አሉ። በታላቋ ፖላንድ አውራጃ ሁለት የባላባት ወገኖች እርስ በርሳቸው ጦር ተማዘዙ። በዚህ መካከል የማዞቪያው መስፍን ሲየሞቪት ከጥንቶቹ የፖላንድ ነገሥታት ዘር የሚወለድ የሀገር ልጅ ነኝና ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ብሎ ተነሣ። የግኔዝኖው ሊቀ ጳጳሳት ቦድዛንታም ደገፉት፤ በ1383 ዓ.ም. ወገኖቹ ንጉሥ ብለው ጠሩት። ያድዊጋ ወደ ፖላንድ ትመጣለች የተባለ ጊዜ መንገድ ላይ ጠብቆ ሊጠልፋትና ሊያገባት አስቦ እንደነበር ይነገራል፤ ጦሩን ይዞ ወደ ክራኮቭ ሲቃረብ ግን የከተማይቱ ሰዎች በራቸውን ዘጉበት። ጠለፋ በእኛ ገጠር ብቻ የታወቀ ክፋት እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

እናቲቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ መኳንንቱን ለማርያም ከማሉት መሐላ ፈትታ በምትኩ ያድዊጋን እንደምትልክ ቃል ገባች። ዳሩ ግን ወር በወር ላይ እየተተካ ልጅቱን አልላከችም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ተንኰል ይሉታል። እኛ ግን የ9 ዓመት ሕፃን ጠላፊ ወደሚጠብቃትና ጦርነት ወደተቀጣጠለበት ሀገር ለመላክ ያመነታችን እናት በዚያ ብቻ ልንፈርድባት አንደፍርም። በመጨረሻ መኳንንቱ በማርች 1384 ዓ.ም. ራዶምስኮ ላይ ተሰብስበው፣ ልጅቱ በሁለት ወር ውስጥ ካልደረሰች ሌላ ንጉሥ እንደሚመርጡ አስጠነቀቁ። ያድዊጋ በዚያው ዓመት በመጸው ከእናቷ ተለይታ ክራኮቭ ገባች። እናቷን ዳግመኛ አላየቻትም።

ኦክቶበር 16 ቀን 1384 ዓ.ም. በቫቬል ኮረብታ ላይ በሚገኘው ካቴድራል ቅብዐ መንግሥት ተቀባች። ዘውዱን የጫኑላት ከዓመት በፊት ሲየሞቪትን ይደግፉ የነበሩት ሊቀ ጳጳሳት ቦድዛንታ ራሳቸው ናቸው። የተሰጣት ማዕርግ ግን ንግሥት የሚል ሳይሆን ንጉሥ የሚል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእኛ ቋንቋ በራሷ ሥልጣን የምትገዛው ንግሥት፣ የንጉሥ ባለቤት ደግሞ እቴጌ ተብለው በአብዛኛው ይለያሉ፤ በላቲን ግን ለሁለቱም ያለው ቃል አንድ ነው። መኳንንቱ ነገ የሚያገባት ሰው በጋብቻው ብቻ ነገሥሁ እንዳይል፣ ሥልጣኑ የእርሷ የራሷ መሆኑን በስሙ አጸኑት። የ10 ዓመት ልጅ ንጉሥ ተብላ ዘውድ ስትጭን የተመለከተ ሕዝብ ምን አስቦ ይሆን?

ከ594 ዓመት በኋላ በዚያችው ዕለት፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1978 ዓ.ም. የክራኮቭ ሊቀ ጳጳሳት የነበሩት ካርዲናል ቮይቲዋ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ፤ ስማቸውንም ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አሉ። ያድዊጋን በጁን 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በዚያችው በክራኮቭ ቅድስት ብለው ያወጁት እርሳቸው ናቸው። ይህን ጣልቃ ካስገባን በኋላ ወደ ታሪካችን እንመለስ።

ዘውድ የጫነችው ልጅ የዊልሄልም እጮኛ ነበረች። መኳንንቱ ደግሞ የኦስትርያን መስፍን በላያቸው ሊያነግሡ አልወደዱም። ዓይናቸው ወደ ሊቱዌኒያ ዞረ። የዚያች ሀገር ታላቅ መስፍን ያጋይሎ በአውሮፓ ከቀሩት ያልተጠመቁ ገዢዎች የመጨረሻው ነበር ለማለት ይቻላል። ኦገስት 14 ቀን 1385 ዓ.ም. ክሬቮ በተባለ ስፍራ በሰጠው የቃል ኪዳን ደብዳቤ፣ ያድዊጋን ቢያገባ ከወንድሞቹና ከሕዝቡ ጋር ሊጠመቅ፣ ክርስቲያን ምርኮኞችን ሊለቅ፣ ፖላንድ ያጣቻቸውን ግዛቶች ሊያስመልስ፣ ሀገሩንም ከፖላንድ ዘውድ ጋር ሊያያይዝ ተስማማ። ለዊልሄልም የሚከፈለውን 200,000 ፍሎሪን እኔ እከፍላለሁ ብሎም ጨመረበት። በሃይንቡርግ ለሁለት ሕፃናት መጠበቂያ የተጻፈው መቀጫ እንዲህ የአንዲት ልጅ መለወጫ ዋጋ ሆነ።

በዚያው ወር የ15 ዓመት ገደማ ወጣት የሆነው ዊልሄልም መብቱን ሊያስከብር ክራኮቭ ደረሰ። ያድዊጋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባልሽ ነው ሲሏት ያደገችው እርሱን ነውና ልቧ ወደ እርሱ አደላ። መኳንንቱ የቤተ መንግሥቱን በር ዘጉበት። ከእርሷ ዕረፍት 16 ዓመት በኋላ የተወለደው ታላቁ የፖላንድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ያን ድውጎሽ እንደሚተርከው፣ ንግሥቲቱ ወደ ዊልሄልም ልትወጣ ብትል የቤተ መንግሥቱ ጠባቂዎች ከለከሏት፤ እርሷም መጥረቢያ አምጡልኝ ብላ በሩን በገዛ እጇ መቍረጥ ጀመረች። ዲሚትር ዘጎራይ የተባለ የታመነ ሹም ለምኖና መክሮ አስተዋት። ይህ ታሪክ በቃል ሲተላለፍ ጥቂት ተጨምሮበት ይሆናል፤ ነገር ግን ለንግሥቲቱ ቅድስና የማይመች መስሏቸው ሊደብቁት ከሚሹ ጋር አንስማማም። ቃሏን ለመጠበቅ በር የምትሰብር ልጅ ቃል ኪዳንን እንደ ተራ ነገር የምትቈጥር አልነበረችም።

ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። በሃይንቡርግ የተፈጸመው ጋብቻ ነበርን? የኦስትርያ ቤተ መንግሥት ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ለብዙ ዓመታትም ያድዊጋን የሁለት ባሎች ሚስት እያለ ስሟን አጠፋ። በጊዜው በነበረው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው የተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው። ሴት ልጅ 12 ዓመት፣ ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሳይሞላቸው የሰጡት ቃል የወደፊት ተስፋ እንጂ ሙሉ ጋብቻ አይባልም፤ ለዕድሜያቸው ሲደርሱ ሊያጸኑትም ሊተዉትም ይችላሉ። ወላጆች፣ ነገሥታት፣ ጳጳሳትም ቢሆኑ በእነርሱ ፈንታ እሺ ሊሉላቸው አይችሉም። እንግዲህ ያን ሁሉ ወርቅ፣ ያን ሁሉ መሐላና ያን ሁሉ ጦር ያሰለፈ የዙፋን ክርክር በመጨረሻ የተንጠለጠለው በአንዲት ልጅ አንደበት ላይ ነበር።

ያድዊጋ በቫቬል ካቴድራል ባለው ታላቅ የጥቁር እንጨት ስቅለት ፊት እየተንበረከከች ለብዙ ጊዜ እንደጸለየች ትውፊት ያስረዳል። መስቀሉ እስከ ዛሬ በዚያው አለ። ምን እንደ ጸለየችና ምን መልስ እንዳገኘች ትውፊቱ የራሱን ይናገራል፤ እኛ የምናውቀው ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። በፌብሩዋሪ 1386 ዓ.ም. 12 ዓመት ከሞላት በኋላ በሕፃንነቷ የተገባላትን ቃል በሕዝብ ፊት ሻረች። ያጋይሎ ፌብሩዋሪ 15 ቀን በክራኮቭ ተጠምቆ ቭላዲስላቭ ተባለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተጋቡ፤ ማርች 4 ቀንም ዘውድ ጫነ። ሙሽራው ከ10 ዓመት በላይ ይበልጣት ነበር። አረመኔና መልከ ጥፉ ነው የሚል ወሬ ስለ ሰማች አስቀድማ አንድ የታመነ ባላባት ልካ እንዳስጐበኘችው፣ ባላባቱም ከመስፍኑ ጋር አብሮ ታጥቦ ምንም የሚያስፈራ ነገር እንደሌለበት እንደነገራት ያው ዜና መዋዕል ይተርካል። እኛ ስናነበው ፈገግ የምንልበት ቢሆንም ለእርሷ የሚያሥቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። ይህን ታሪክ በየቁምስናው ስንተርክ፣ የ12 ዓመት ልጅ ያገባች ቅድስት ካለች የእኛን ልጆች በዚያ ዕድሜ ብንድር ምን ነውር አለው የሚል አባት አይጠፋም። ያድዊጋ የተቀደሰችው በ12 ዓመቷ ስለ ተዳረች አይደለም። ያ ዘመኗ የጫነባት ሸክም ነበር፤ ፈቃዷም ምን ያህል ነጻ እንደነበረ፣ በአንድ በኩል መኳንንት በሌላ በኩል የአንድ ሕዝብ ጥምቀት ሲጎትታት፣ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ስትላት የተዋዋሉባትን ሰዎች ውል ቅዱስ ማለቷ አይደለም። በሀገራችን የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅ በቁምስናችን ስትገኝ የያድዊጋን ስም ጠርቶ ዝም ማለት ንግሥቲቱን ዳግመኛ መሸጥ ይሆናል።

በክራኮቭ ይህ ሲሆን የሃንጋሪው ዙፋን ደም ያፈስ ነበር። የኔፕልስ ንጉሥ ካርሎ የወንድ ዘር ነኝ ብሎ የማርያምን ዘውድ ነጠቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በፌብሩዋሪ 1386 ዓ.ም. በእናቲቱ በኤልሳቤጥ ሰዎች ተመትቶ ሞተ። የእርሱ ወገኖች በተራቸው እናትና ልጅን ማረኩ፤ በጃንዋሪ 1387 ዓ.ም. ኤልሳቤጥን በማርያም ዓይን ፊት አንቀው ገደሏት ይባላል። ያድዊጋ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ማርያም ከወራት በኋላ ተፈታች፤ በ1395 ዓ.ም. ግን ፀንሳ ሳለ ከፈረስ ወድቃ ሞተች። ከሦስቱ እህትማማቾች የቀረችው ያድዊጋ ብቻ ሆነች። የሃንጋሪም ዙፋን ወራሽ ናት የሚሉ ነበሩ፤ ባለቤቷም በዚያ ተስፋ ድንበር ላይ ጦር ሰብስቦ ነበር፤ ሲጊስሙንድ ግን ዙፋኑን አልለቀቀም። እርሷም በእህቷ ባል ላይ ጦርነት አላነሣችም። በ1397 ዓ.ም. ከእርሱ ጋር ሰላም ሆነ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች ብለን ግን አንጽፍም። በ1387 ዓ.ም. ባለቤቷ በሊቱዌኒያ ሳለ ራሷ ጦር መርታ ወደ ሩቴኒያ ዘመተች፤ ልቪቭን ጨምሮ የሃንጋሪ ሹማምንት የያዙትን ምድር ለፖላንድ መለሰች። ሹማምንቱ የተሾሙት በእህቷ በማርያም ዘውድ ስም ነበር፤ ማርያም ደግሞ በዚያ ወራት በእስር ላይ ነበረች። ከተሞቹ አብዛኞቹ ያለ ውጊያ ተከፈቱላት። ቢሆንም ነገሩ ለኅሊና ቀላል አይደለም፤ ንግሥናና እኅትነት በአንድ ልብ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

ሐሜቱ አልለቀቃትም። ግኔቮሽ የተባለ ባላባት ንግሥቲቱ ዊልሄልምን በስውር ትገናኘዋለች ብሎ አወራ። እርሷ በዝምታ አላለፈችውም፤ ጉዳዩ በዳኞች ፊት ይታይልኝ አለች። ስለ ክብሯ 12 ባላባቶች በሰይፍ ሊከራከሩላት ተነሡ፤ ሐሜተኛውም አምኖ ከወንበር በታች ገብቶ እንደ ውሻ እየጮኸ ውሸቴን ነው እንዲል ተፈረደበት። የጋብቻዋን ነገር ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ ስድስተኛ በ1388 ዓ.ም. ቭላዲስላቭን የፖላንድ ንጉሥ አድርገው በመቀበላቸው ከቤተ ክርስቲያን በኩል ክርክሩ ተዘጋ።

የሊቱዌኒያ ጥምቀት በ1387 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በቪልኒዩስ ይነድ የነበረው የጣዖት እሳት ጠፍቶ ካቴድራል ተሠራ፤ በዓመቱም ሀገረ ስብከት ተቋቋመ። ሕዝቡ በቡድን በቡድን እየሆነ፣ ለአንድ ቡድን አንድ ስም እየተሰጠ፣ ነጭ የሱፍ ልብስም እየታደለ እንደተጠመቀ ይተረካል። ያለ በቂ ትምህርት የተፈጸመ ጥምቀት ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ያድዊጋም ያወቀችው ይመስለናል። በ1397 ዓ.ም. በፕራግ ዩኒቨርሲቲ ለሊቱዌኒያ ተማሪዎች ማደሪያ ኮሌጅ አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋሲዮስ ዘጠነኛ በክራኮቭ የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል እንዲከፈት ፈቃድ አገኘች። ለእኛ በግእዝ ለምንቀድስ ደግሞ ይህ ልዩ ትርጉም አለው፤ በ1390 ዓ.ም. ከባለቤቷ ጋር ሆና ከፕራግ የቤነዲክቶስ መነኰሳትን አስመጥታ በክራኮቭ አጠገብ አሰፈረች፤ እነርሱም ቅዳሴውን በላቲን ሳይሆን በስላቮኒያ ቋንቋ የሚቀድሱ ነበሩ።

ስለ ርኅራኄዋ የሚነገረው ብዙ ነው። የንጉሡ አሽከሮች የገበሬዎችን ከብት በዘረፉ ጊዜ እርሷ አማልዳ ከብቱን አስመለሰች፤ ከብቱስ ተመለሰ፣ እንባቸውን ግን ማን ይመልስላቸዋል ብላ ባለቤቷን እንደ ጠየቀችው ይተረካል። በ4 ዓመቷ የተዋዋሉባት ልጅ፣ በሂሳብ የማይከፈል ዕዳ እንዳለ ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበር።

በትዳሯ ለ13 ዓመታት ልጅ አላገኘችም፤ መኳንንቱም የወራሽ ነገር ዳግመኛ ያስጨንቃቸው ጀመር። በመጨረሻ ጁን 22 ቀን 1399 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ኤልሳቤጥ ቦኒፋሲያ ተባለች። ጁላይ 13 ቀን ሕፃኒቱ ሞተች፤ በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 17፣ እናቲቱ ተከተለቻት። በአንድነት በቫቬል ካቴድራል ተቀበሩ።

ቭላዲስላቭ ዙፋኑ በማን መብት እንደ ተቀመጠበት ያውቅ ነበርና ፈራ፤ ወደ ሩቴኒያም ሄደ። መኳንንቱ መክረው መለሱት። በ1402 ዓ.ም. መብቱን ለማጽናት የታላቁን ካዚሚር የልጅ ልጅ አናን አገባ፤ እንዲያገባት የመከረችው ያድዊጋ ራሷ በሞት አልጋዋ ላይ እንደሆነ ይነገራል። ዊልሄልም በበኩሉ ያድዊጋ በሕይወት ሳለች ሌላ ሴት አላገባም። በ1401 ዓ.ም. ነው ያገባው፤ ሙሽራይቱም የእናቲቱ ሰዎች የገደሉት የካርሎ ልጅ ነበረች።

ያድዊጋ ጌጣጌጧን ለድኾችና ለዩኒቨርሲቲው አውርሳ ነበር። ኑዛዜዋን የክራኮቭ ጳጳስ ፒዮትር ቪሽና ባላባቱ ያን ዘቴንቺን አስፈጸሙ፤ በ1364 ዓ.ም. ታላቁ ካዚሚር መሥርቶት ከስሞ የነበረው ዩኒቨርሲቲም በጁላይ 1400 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በኋላ ዘመን መቃብሯ ሲከፈት ከዐፅሟ ጋር የተገኙት የንግሥና ምልክቶች፣ በትረ መንግሥቱና ኳሱ፣ ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። በፖላንድ መታሰቢያዋ ጁን 8 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን ይከበራል።